ጀልባው ላይ ያለው ሰው

ውድ ልጆቼ፣ ሐዋሳ ውስጥ ብሩሽ ያነሣ ሁሉ ሐይቁን ይሥላል፤ ደግ ነው። በምታሳዩኝ ሸራዎች ላይ ውኃው ያምራል፣ ታቦር ተራራም ቦታውን ይዟል። ቅር የሚለኝ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ነው። ብዙውን ጊዜ ባዶ ቦታ እንዲሞላ በመጨረሻ የተጣለ ጥቁር ነጥብ ይሆንብኛል። እኔ ግን የሥዕሉ ስሜት የሚወሰነው በእርሱ ነው ባይ ነኝ።

በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ትልቅ ሆኖ መሣል ክብር ነው፤ እመቤታችን ከብበዋት ከቆሙት ሁሉ ጎልታ ትታያለች። በመልክዓ ምድር ሥዕል ውስጥ ደግሞ ትንሹ ሰው የራሱ ክብር አለው፤ የተራራውን ግዝፈት የምንለካው በእርሱ ቁመት ነውና። ቻይናዊው ፋን ኩዋን ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት በሐር ላይ በሣለው፣ ከሁለት ሜትር በላይ በሚረዝመው ሥዕል አብዛኛውን ቦታ የያዘው ገደል ነው። ከታች በቀኝ በኩል የጭነት እንስሳት የሚነዱ መንገደኞች አሉ። ዓይናችሁ እነርሱ ላይ ሲያርፍ የመንገዱ ድካም ይሰማችኋል።

ጀርመናዊው ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪኽ እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1810 በባሕር ዳር የቆመውን መነኩሴ ሲሥል መርከቦች ነድፎ ነበር፤ በኋላ ግን አጠፋቸው። የቀረው አሸዋ፣ ጥቁር ባሕር፣ እጅግ ሰፊ ሰማይና ጀርባውን የሰጠን አንድ ሰው ነው። መርከቦቹ ቢኖሩ ኖሮ ዓይናችን እነርሱን ተከትሎ ይሄድ ነበር። አሁን ከመነኩሴው ኋላ ቆመን እርሱ የሚያየውን እናያለን፤ ፊቱ ስለማይታይም ሐዘን ላይ ይሁን ጸሎት ላይ የምንፈርደው እኛ ነን። ይህን ድፍረቱን እጅግ እወድለታለሁ።

እናንተ ማልዳችሁ ሐይቁ ዳር ወዳለው አሞራ ገደል ሂዱ። መረብ የሚስበው ዓሣ አጥማጅ ክብደቱ ሲመጣበት ወገቡን ወደ ኋላ ይለጥጣል፤ ዓሣ ከመረብ የሚያላቅቀው አንገቱን ደፍቶ ይጎብጣል። ሁለቱም ሸራችሁ ላይ ከስንዴ ቅንጣት አይበልጡም፤ የትከሻቸው መስመር ከተያዘ ግን ሥራቸው ከሩቅ ይታወቃል። የጎበጠውን በሰፊው ግራጫ ውኃ መካከል ብታስቀምጡት ብቸኝነት ይነግሣል። ያንኑ ሰው ወደ ዳር አስጠግታችሁ ሌላው ገመድ ሲቀበለው ብታሳዩ፣ ቀለሙን ሳትነኩ ማለዳው የሥራ ማለዳ ይሆናል። አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ግን አደራ! ቁመታቸው እስከ 1.5 ሜትር ስለሚደርስ ከሩቅ ከጎበጠ ሰው ጋር ይምታታሉ፤ ከዓሣ አጥማጁ ራቅ አድርጓቸው።

የሚቀጥለውን ሸራ ስትወጥሩ የሰውየውን ቦታ ከተራራው አስቀድማችሁ በእርሳስ ያዙለት። ምን እየሠራ እንደሆነ ካላወቃችሁ ደግሞ ጀልባውን አውጡትና ሐይቁን ብቻውን ሣሉት።