«ጥቁሮቹ በዝተዋል»

ባለፈው ሳምንት ጀርመን ዶክትሬቱን የሚማር ልጅ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ አይጦቼ እምቢ አሉኝ፤ አይታመሙም» አለኝ። ኤስሲኤን1ኤ ከሚባለው ጂን አንዱ ቅጂ የተበላሸባቸው ናቸው። ይህ ጉድለት በሰው ላይ ድራቬ የሚባለውን ከባድ የሕፃናት የሚጥል በሽታ ያመጣል። ያነበባቸው ጽሑፎች ላይ አይጦቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ ብዙዎቹም ጡት በጣሉ በሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። የእሱ ግን በልተው ጠጥተው ይተኛሉ።

«ዝርያቸው ምንድን ነው?»

«129።»

«የጽሑፎቹስ?»

ዝም አለ። 129 አንድ የላብራቶሪ አይጥ ዝርያ ነው፤ የጽሑፎቹ አይጦች ግን ብላክ 6 ከሚባል ሌላ ዝርያ ጋር የተዳቀሉ ነበሩ። ያው ጉድለት 129 ላይ ይለዝባል፣ ብላክ 6 ሲገባበት ይከፋል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ስልኩን ዘጋን። እኔን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እ.ኤ.አ. 2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካ፣ ጡንቻን የሚያዙትን ነርቮች ለሚገድለው ኤ.ኤል.ኤስ ለሚባል በሽታ የሚሆን መድኃኒት አይጦች ላይ እሞክር ነበር። አይጦቹ የተበላሸውን የሰው ኤስኦዲ1 ጂን የተሸከሙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. 1994 ላይ የወጡት ዓይነት። ኤስጄኤል ከሚባለው ነጭ ዝርያና ከጥቁሩ ብላክ 6 የተደባለቁ ስለሆኑ አንድ ኬጅ ውስጥ ነጭም፣ ጥቁርም፣ ቡናማም ታያላችሁ። ከሰዓት ከሰዓት በጭራቸው አነሳቸዋለሁ። ጤነኛው የኋላ እግሮቹን ይዘረጋል፣ የታመመው ወደ ሆዱ ይሰበስባል። መጨረሻ ላይ በጎኑ ታስተኙታላችሁ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ካልተገለበጠ በቃ፣ እንደ ሞተ ተቆጥሮ ቀኑ የኬጁ ካርድ ላይ ይጻፋል።

መድኃኒት የወሰዱት ካልወሰዱት ሦስት ሳምንት ያህል አብልጠው ኖሩ። መሬት አልበቃኝም። አይጦቹን የምትንከባከበው ሴትዮ የመኖ ከረጢት እንዳቀፈች በሩ ላይ ቆማ፣ «ዶክተር፣ መድኃኒት የምትሰጣቸው ኬጆች ውስጥ ጥቁሮቹ በዝተዋል። ነጭ የሚባል የለም» አለችኝ። ሳቅኩባት። «ቀለሙ ምን ያደርጋል፣ ጂኑ ያው ነው» አልኳት። እሷም ከረጢቷን ይዛ ሄደች።

የውጤቱን አጭር ጽሑፍ ለስብሰባ ላክሁ። ከወራት በኋላ የርቢ መዝገቡን ስናገላብጥ ጉዱ ወጣ። ድብልቅ ሴቶች ሲያልቁብን ለሁለት ትውልድ ከንጹህ ብላክ 6 ጋር አዳቅለናቸዋል። መድኃኒቱን የወሰዱት የነዚያ ልጆች ናቸው፣ ማነጻጸሪያዎቹ ደግሞ የድሮዎቹ ድብልቆች። ድብልቆቹ 130 ቀን ገደማ ይኖራሉ፣ ብላክ 6 ላይ ያሉት 157 ገደማ። መድኃኒቱ ምንም አላደረገም። ጽሑፉን ሳብኩት። ሴትዮዋ በዚያን ጊዜ ሥራዋን ለቅቃ ነበር፤ «ልክ ነበርሽ» ሳልላት ቀረሁ።

ኤስጄኤል ሌላም ጉድ አለው። ዓይን የሚያጠፋ ጂን ተሸክሟል፤ ከሁለቱም ወላጅ የወረሰ ግልገል በሳምንታት ውስጥ ይታወራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያሉትን፣ መውጫውን ያስታውሱ እንደሆነ ለማየት ውሃ ውስጥ እያዋኘ «ማስታወስ ተሳናቸው» ብሎ ሊጽፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ምስኪኖቹ መውጫውን የት አይተውት!

ስለ አይጦች ብዛት፣ ስለ ወንድና ሴት ማመጣጠን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። መድኃኒት የሚወስደውና የማይወስደው ግን የአንድ እናት ልጆች ይሁኑ። ደግሞ አንድ ንጹህ ዝርያ ያዙና እሱ ላይ ብቻ ሥሩ። ቆይ፣ እሱም ልክ አይደለም። ሐኪም ቤት የሚመጣው ሰው ሁሉ የአንድ አባት ልጅ አይደለም፤ ሁለት ዝርያ ላይ ሞክሩት።

የዛሬ ልጆች ከኬጁ በፊት ስክሪኑን ታያላችሁ። እኔ ግን ስክሪን ሳይኖረኝም አላየሁ፣ ምን አፍ አለኝ።

ልጁን የኬጅ ካርዶቹን ፎቶ እንዲልክልኝ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን የላከልኝ ግራፍ ብቻ ነው።