መልስ፦ የመርከብ ድምፅ ዓሣ ነባሪን ይጎዳል ወይ?

ወንድሜ፣ «ባሕሩ ሰፊ አይደል፣ የመርከብ ድምፅ ዓሣ ነባሪን ምን ያደርገዋል?» ብለህ ጠይቀሃል። በደንብ ይጎዳዋል። ባሕር ውስጥ ብርሃን ሩቅ አይዘልቅም። ድምፅ ግን በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በአየር ከሚጓዘው ከአራት እጥፍ በላይ። ዓሣ ነባሪ ወገኑን የሚፈልገው በጆሮው ነው። የመርከቡ ወፍራም ጉርምርምታ ደግሞ የትልልቆቹን ጥሪ ይውጠዋል።

እኔን የነካኝ በካናዳ ፈንዲ የባሕር ወሽመጥ የታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ የመርከብ ጉዞ ቀነሰ። የውሃው ድምፅም በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ወረደ። ተመራማሪዎች እዚያ ያሉትን ራይት ዌል የተባሉ ዓሣ ነባሪዎች ሰገራ ሲመረምሩ የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀንሶ አገኙት። አስበው፣ እነዚህ ፍጥረታት ያን ሁሉ ጊዜ በጭንቀት ነበር የኖሩት!

የጦር መርከብ ሶናርማ፣ ማለትም ድምፅ እየላከ ውሃ ውስጥ ያለውን ነገር የሚፈልገው መሣሪያ፣ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ባሃማስ ላይ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሶናር ሲጠቀም 17 እንስሳት ወደ ዳርቻ ወጡ፤ የሞቱም አሉ።

ደግነቱ ድምፅ እንደ ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ አይከማችም። ብዙዎቹ መርከቦች ፍጥነታቸውን ሲቀንሱ ጩኸታቸውም ወዲያው ይቀንሳል።