የቤዝ ዲስቶርሽን ጥያቄና መልስ፦ ወፍራሙ ድምፅ ሳይጠፋ

የቤዝ ጊታርን ድምፅ ስለሚያሻክረው ዲስቶርሽን ፔዳል ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉ፦ ቤዛችሁ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ነው አክቲቭ (ባትሪ ያለው)? አምፓችሁ ምንድን ነው? ታዳሚው የሚሰማችሁ ከአምፑ ነው ከሚክሰሩ? ያለ እነዚህ የሚሰጥ መልስ ግምት ነው።

ከሐዋሳ፦ ጋሼ፣ ጊታሪስታችን ቲዩብ ስክሪመር ቲኤስ9 የሚባል የጊታር ማሻከሪያ ፔዳል አለው፤ ለቤዝ ብዋሰው ያስኬዳል? ቤዜ ፓሲቭ ነው፣ አምፑ 100 ዋት፣ ሰው የሚሰማን ከአምፑ ነው።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ደስ ይላል። ፔዳሉም ቤዙም አይጎዱም፤ የሚጎዳው ወፍራሙ ድምፅ ነው። ቲኤስ9 ውስጥ ድምፁ እንዲሻክር የሞገዱ ጫፍ የሚቆረጥበት ክፍል (መቁረጫው) ላይ 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.047 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አሉ። ሁለቱ አንድ ላይ ድንበር ያበጃሉ፤ ከ720 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ወደ ታች በወረደ ቁጥር የሚያገኘው ጉልበት እያነሰ ይሄዳል። ለጊታር ይህ ጥቅም ነው፣ ድምፁ አይጨቀይም። የቤዝህ አራት ክፍት ክሮች ግን 41፣ 55፣ 73 እና 98 ኸርዝ ናቸው፤ አራቱም ከድንበሩ በታች። ስለዚህ ፔዳሉን ስትረግጠው የላይኛው ይጮኻል፣ የታችኛው ባለበት ይቀራል፣ ባንዱም ቤዝ የሌለው ይመስላል።

ብየዳ የሚችል ሰው ያንን 0.047 አውጥቶ 0.22 ቢያስገባ ድንበሩ ወደ 154 ኸርዝ፣ 0.47 ቢያስገባ ወደ 72 ኸርዝ ይወርዳል። በተዋስከው ፔዳል ላይ ግን እንዳትሞክረው። ደግሞም 0.47 የራሱ ጣጣ አለው። የቤዝ ትልቁ ጉልበት ታች ነው፤ እሱ ሙሉ በሙሉ ሲገባ ጫፉ የሚቆረጠው በእሱ ልክ ይሆናል፣ የላይኛው ይዋጣል፣ የጣትህ ምት አይሰማም። ለዚህ ነው ሁሌ የምለው፦ ንጹሑን ድምፅ ከሻካራው ጋር የሚቀላቅል ቁልፍ የሌለው ፔዳል ለቤዝ አትግዙ። በቦስ ኦዲቢ-3 ላይ ባላንስ ይባላል፣ በዳርክግላስ ቢ3ኬ እና በሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር ላይ ብሌንድ። ንጹሑ ታቹን ይይዛል፣ ሻካራው ከላይ ይቀመጣል። ቢ3ኬ ላይ ግራንት የምትባል ማብሪያም አለች፤ ምን ያህል ወፍራም ድምፅ ወደ መቁረጫው እንደሚገባ የምትወስነው እሷ ናት።

ከአዳማ፦ ምርጡ የቤዝ ዲስቶርሽን የትኛው ነው?

መልስ፦ ምን ቤዝ? ምን አምፕ? የት? ከላይ የተጻፈውን አንብብና ተመለስ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ ፔዳል ከነአዳፕተሩ ልልክለት ነው። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ እህቴ፣ የአዳፕተሩን ጀርባ አንብቢ። መግቢያው 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አትላኪው፤ አዲስ አበባ 220 ቮልት ነው፣ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። ለአብዛኛው ፔዳል የሚወጣው 9 ቮልት ዲሲ ሆኖ የጃኩ መሃል ኔጌቲቭ መሆን አለበት። ወንድምሽ የኪቦርድ አዳፕተር ገጠመልኝ ብሎ እንዳይሰካው ንገሪው፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት ናቸው፣ መሃላቸውም ፖዘቲቭ ነው። ሚሊአምፔሩ ከሚያስፈልገው ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን ፔዳሉ በትክክል አይሠራም።

ከባሕር ዳር፦ ቸርች ውስጥ ነው የምጫወተው። መድረክ ላይ ድምፁ ያምራል፤ አዳራሹ ውስጥ ግን እንደ ንብ ይጮኻል ይሉኛል። ቤዙ አክቲቭ ነው፣ ከፔዳሉ በዲአይ ቦክስ (የመሣሪያን ድምፅ ለሚክሰር በሚያመቻች ሳጥን) በቀጥታ ወደ ሚክሰር ይገባል።

ከድሬዳዋ፦ ጥፋቱ የፔዳሉ አይደለም። መዝሙር ላይ ዲስቶርሽን ምን ይሠራል?

ከሐዋሳ፦ ለምን አይሠራም? በጥቂቱ ከሆነ ቤዙን ከኪቦርዱ ይለየዋል።

ከድሬዳዋ፦ ቺክቺካ ላይ ሞክረውና ንገረኝ። ሁሉም ምት አንድ ይሆናል።

መልስ፦ መጀመሪያ የባሕር ዳሩ። ባለ 10 ኢንች የቤዝ ስፒከር ከ4 እና 5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ብዙም አያወጣም፤ መድረክ ላይ ያማረልህ ለዚህ ነው። የአዳራሹ ስፒከር ትዊተር (ቀጭን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ጩኸት እንዳለ ይተፋዋል። ሳውንድ ማኑ በቤዝህ ቻናል ላይ ሎው ፓስ ፊልተር (ከተወሰነ ድንበር በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ የሚቆርጥ) 4 ሺህ ላይ ያድርግልህ። ሚክሰሩ ያ ከሌለው የሃይ ቁልፉን በደንብ ይቀንሰው፣ ወይም አምፑ ፊት ማይክ ያቁም። የራስህ አምፕ ትዊተር ካለውም አጥፋው። ሌላም ነገር አጣራ፦ ዲአይ ቦክሱ ከፔዳሉ በፊት ከተሰካ ታዳሚው ሻካራውን ጭራሽ አይሰማም።

የድሬዳዋው ወንድሜ ስለ ቺክቺካ ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ዲስቶርሽን ደካማውን ድምፅ ወደ ጠንካራው ያስጠጋዋል፤ በ6/8 ምት ውስጥ ያለችው ትንሽ ዝምታ በክሩ ጅራት ትሞላለች። መፍትሔው ግን ፔዳሉን መጣል አይደለም። ድራይቩን (የማሻከሪያውን መጠን) ቀንስ፣ ኖታው እንዳለቀ ክሩን በግራ እጅህ አፍነው፣ ንጹሑን ጨምር። ሁለት ኖታ አብራችሁ የምትመቱ ደግሞ ስሙ። በሲ ሜጀር ትዝታ ታችኛውን ሲ (65 ኸርዝ) ከኢ (82) ጋር ብትመቱ መቁረጫው የሁለቱን ልዩነት፣ 17 ኸርዝ፣ ይፈጥራል፤ ይህ ኖታ ሆኖ አይሰማም፣ ማጉረምረም ነው። ሲን ከጂ (98) ጋር ብትመቱ ግን ልዩነቱ 33 ኸርዝ ገደማ ነው፤ እሱ ራሱ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ያለ ሲ ነው፣ ስለዚህ ይደግፋል። መዝሙር ላይ ይገባል አይገባም የሚለውን ለዘማሪዎቹ ተዉት።

ከዱባይ፦ ቢግ መፍ የሚባል ፔዳል አለኝ፣ ቤዙ አክቲቭ፣ አምፑ 300 ዋት። ቤት ውስጥ ግሩም ነው፣ ከባንድ ጋር እጠፋለሁ።

መልስ፦ ቢግ መፍ 1 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ያለውን መሃለኛ ድምፅ ያጎድላል። ቤት ብቻህን ስትሰማው ትልቅ ይመስላል፤ ባንድ ውስጥ ግን ጆሮ ቤዝን የሚለየው እዚያው ነው። በአምፑ ላይ ከ700 እስከ 1 ሺህ ኸርዝ ያለውን ጨምር። የአክቲቭ ቤዝህን ትሬብል ቀንስ፣ ፔዳሉን ከልክ በላይ እየመታው ነው። አሁንም እላለሁ፦ ብቻችሁን ሆናችሁ በወደዳችሁት ድምፅ ፔዳል አትግዙ።

ከጅማ፦ ፔዳሉ ወፍራም ድምፅ እያጠፋብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

ከጅማ፦ አንብቤዋለሁ። ብሌንድ ስለሌለው ሲግናሉን ለሁለት ከፍዬ ንጹሑን በሌላ ቻናል አስገባሁ፤ ከበፊቱ ባሰ።

መልስ፦ ይህ ሌላ ጥያቄ ነው፣ መጀመሪያውኑ እንዲህ ጠይቅ። ፔዳልህ ሞገዱን ይገለብጠዋል ማለት ነው፤ ንጹሑ ሲወጣ ሻካራው ይወርዳል፣ ታች ላይ ይጠፋፋሉ። በአንደኛው ቻናል ላይ ያለውን የፌዝ (የሞገድ መገልበጫ) ማብሪያ ተጫን፤ ወፍራሙ ወዲያው ይመለሳል። ከዚያ የሻካራውን ቻናል ከ200 ኸርዝ በታች ቁረጠው።

ከአስመራ፦ ኮምፕረሰር (ደካማና ጠንካራ ድምፅን የሚያቀራርብ ፔዳል) ከዲስቶርሽኑ ከፊት ነው ከኋላ?

መልስ፦ ከፊት።

ከአዳማ፦ ተመለስኩ። ፓሲቭ ባለ 4 ክር፣ 60 ዋት የኪቦርድ አምፕ፣ ትንሽ ክለብ። ኦዲቢ-3 አግኝቻለሁ፤ እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ አሁን ይቻላል። ፔዳሉን አጥፍተህ አምፑን በንጹሕ ድምፅ አስተካክል። ከዚያ አብራው፤ ባላንሱን ወደ ሻካራው ሙሉ አዙር፣ ጌይኑን ሩብ ላይ አቁም፣ ሃይና ሎው መሃል ይሁኑ። ሌቭሉን ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ ጩኸቱ እኩል እስኪሆን አስተካክል፤ ይህን ካልዘለልክ "ሲበራ ይሻላል" ብለህ አትታለልም። አሁን ባላንሱን ቀስ እያልክ ወደ ንጹሑ መልስ፤ የጣትህ ምት ጥርት ብሎ ሲሰማ አቁም። ድራመሩ ይግባ። የከበሮው እግር ከጠፋ ሎውን ቀንስ፣ አንተ ከጠፋህ ባላንሱን ወደ ንጹሑ ጨምር። የኪቦርድ አምፕ ትዊተር ስላለው ሃዩን ከመሃል በታች አውርደው። 60 ዋቱ መንተፍተፍ ከጀመረ ግን ፔዳሉ አይደለም፣ አምፑ አልቻለም፤ ከዚያ በላይ አትግፋው፣ ስፒከሩ ይቀደዳል።