ሙት ወቃሽ እንዳልሆን ፈርቻለሁ

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ አሁን የምሠራው አዲስ አበባ ነው። የእናቴ አባት ሐይቅ አካባቢ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅስና ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ባለፈው ጥር አረፉ። እናቴ እስልምናን ተቀብላ አባቴን ስታገባ አባባ 7 ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም። በኋላ በሽማግሌ ታረቁ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ክረምቱን እሳቸው ጋ ነው ያደግኩት። ለሙት ዓመታቸው የሕይወት ታሪካቸውን ጽፌ ዝክሩ ላይ እንዳነብ ቤተሰቡ መርጦኛል። አጎቴ «የ7ቱን ዓመት ነገር እንዳታነሺ፤ ሙት ወቃሽ አታድርጊን» አለኝ። እናቴ ደግሞ «እሱ ካልተነሳ የኔንም ስም አታንሺ» አለች። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ጻድቅ ነበሩ» ሲል እኔ እንባ እንኳ አልመጣልኝም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ። የአባባንም ነፍስ ይማር።

ከእንባው ልጀምር። እንባሽ አልመጣም ማለት አባባን አልወደድሻቸውም ማለት አይደለም። ለቅሶው ላይ የተወራላቸው ሰውዬ ተቆጥተው የማያውቁ፣ ማንንም ያላስቀየሙ ናቸው። አንቺ የምታውቂያቸው ሌላ ሰው ናቸው። የራስሽ አባባ ስማቸው ባልተነሳበት ቦታ ላይ ማልቀስ ቢያቅትሽ አይገርምም።

ከደብዳቤሽ ለቦታ ብዬ ያስቀረሁት ክፍል አለ። ለአንባቢም ይጠቅማልና ላንሳው። ረመዳን ክረምት ላይ በዋለባቸው ዓመታት አባባ ዳዊት ሊደግሙ ሌሊት 10 ሰዓት ሲነሱ አንቺንም ይቀሰቅሱሽ ነበር። «ተነሽ ልጄ፣ ሱሁርሽ እንዳያልፍሽ» እያሉ። ዶሮ የሚታረድ ከሆነ ሙስሊም ጎረቤታቸውን ጠርተው ያንቺን ለብቻ ያሳርዱ ነበር። የሚሠራበት ድስት እንኳ የተለየ ነበር።

ይህን ያደረጉት ልጃቸው በመስለሟ 7 ዓመት ያኮረፉት ሰው ናቸው። ቄስ ናቸው፤ የምእመኑ ዓይን አለባቸው፤ ከሁሉ በላይ የገዛ እምነታቸው አለባቸው። ልጃቸው ስትሄድባቸው ምን ያህል እንደተሰበሩ ደብዳቤሽ ባይነግረኝም መገመት አያቅተኝም። እምነታቸውን አልተዉም፤ ዳዊታቸውንም አላቋረጡም። ግን ለሙስሊም የልጅ ልጃቸው ሱሁር የሚነሱ ሰው ሆኑ። አጎትሽ 7ቱን ዓመት ሲቆርጥ የአባቱን ጉድፍ የሚያነሳላቸው ይመስለዋል። አብሮ የሚቆርጠው ግን አባባ በሕይወታቸው ከሠሩት ሁሉ ከባዱን ሥራ ነው። ኩርፊያው ካልተነገረ እርቁ ከየት ይመጣል?

እኛ ወሎዬዎች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ (ዕድር) ይቀባበራል፣ አንድ ሠርግ ላይ ለሁለቱም ለየብቻ ይታረዳል ስንል ደስ ይለናል። እውነትም ነው። ግን ይህ አብሮነት ማንም ሳይታመምበት እንዲሁ የመጣ አድርገን ስናወራው፣ በየቤቱ የተኮራረፉ፣ የታረቁና ሳይታረቁ የቀሩ ሰዎች ሕመማቸውን የሚናገሩበት ቦታ ያጣሉ። እናትሽ ከእነሱ አንዷ ናት። «ስሜን አታንሺ» ያለችው አባቷን ለመበቀል አይመስለኝም። 7 ዓመት የተዘጋባት በር እንዳልነበረ ተደርጎ ሲወራ እሷም አብራ እንዳልነበረች ሆና ስለሚሰማት ነው።

«ሙት ወቃሽ» የሚለው ፍርሃትሽን አላቃልለውም። በባህላችን ከባድ ነገር ነው፤ ተገቢም ነው፤ ሟች መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ የምትጽፊው ክስ እንዳይሆን ተጠንቀቂ። ለምን እንዳኮረፉ አትተንትኚ፤ በልባቸው የነበረውን አንቺ አታውቂም። የሆነውን ብቻ ተናገሪ። አባባ በየሌሊቱ የደገሙት ዳዊት ራሱ ይህን አይደብቅም። 50ኛው መዝሙር ዳዊት በድሎ፣ ነቢዩ ናታን መጥቶ ከገሠጸው በኋላ የጸለየው ንስሐ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዳዊትን ስታስብ ንስሐውን አውጥታ አይደለም። ለአጎትሽ ይህን በእርጋታ ብትነግሪው ከእኔ የሥነ ልቦና ትንታኔ ይልቅ የሚሰማው ይመስለኛል።

ደግሞ አጎትሽን እንደ ተቃዋሚ አትዪው። ያኔ ወጣት ነበር። እህቱ ስትገፋ ቤቱ ውስጥ ነበር። ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል። የሚፈራው የሰው አፍ ብቻ ላይሆን ይችላል። «አንተስ ያኔ እንዴት ነበርክ?» ብለሽ ጠይቂው። ማንም ጠይቆት የማያውቅ ቢሆን አይገርመኝም።

ስለ ሐዘን የቆየው አስተሳሰብ ሰው ከሟቹ ልቡን መቁረጥ አለበት የሚል ነበር። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን ብዙ ባለሙያዎች ሐዘንተኛ ከሟቹ ጋር ያለው ትስስር መልኩን ቀይሮ ሊቀጥል እንደሚችል ይቀበላሉ። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። ግን ትስስር የሚቀጥለው ከነጉድለቱ ከሚታወቅ ሰው ጋር ነው። አንቺ ቆጣ የሚሉትን፣ ግሸን ማርያም ደርሰው ሲመለሱ እግራቸውን የምታጥቢያቸውን፣ ከእናትሽ ጋር ሲያወሩ ዓይኗን ማየት የሚያፍሩትን አባባ ነው የምትናፍቂው።

አሁን ወደ ጽሑፉ። ለዝክሩ የሚነበበውን ከመጀመርሽ በፊት ለራስሽ ብቻ ጻፊ። ጄምስ ፔንቤከር የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1986 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት ሰዎች በቀን 15 ደቂቃ ለ4 ተከታታይ ቀን ስለከበዳቸው ነገር እንዲጽፉ አድርጎ ነበር። የጻፉት ሰዎች መጀመሪያ ስሜታቸው ቢረበሽም፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄዱበት ጊዜ ቀንሶ ተገኝቷል። አንቺም ሞክሪው። ስለ ሰዋስው አትጨነቂ፤ ለማንም አታሳዪ። ብታለቅሺ አልቅሺ። እያስጨነቀሽ ከሄደ ግን አቁሚ።

ከዚያ ወደ እናትሽ ሂጂ። በስልክ ሳይሆን ኮምቦልቻ ድረስ። ቡና አፍልታልሽ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተቀምጠሽ ስሚያት። ቁስሉ የእሷ ስለሆነ ምን ያህሉ በአደባባይ ይነገር የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት። ይህ ከእውነት መሸሽ አይደለም። ምናልባት የሚበቃት አንድ መስመር ብቻ ይሆናል፦ «ከልጃቸው ጋር 7 ዓመት ተለያይተው ነበር። ከታረቁ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ ደጇን አልተለዩም።» ሱሁሩንና ዶሮውን ግን አንቺ ራስሽ አንብቢ። እሱ ያንቺ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት የተራዘመ ሐዘን የሚለው ችግር አለ። ናፍቆቱ ከ6 ወር በላይ ቆይቶ፣ ባህሉ ከሚጠብቀውም አልፎ፣ ሥራንና የዕለት ኑሮን ሲያውክ ማለት ነው። አንቺ ሥራሽን እየሠራሽ፣ ከሰው እየተገናኘሽ እንደሆነ ጽፈሻል፤ ስለዚህ ለጊዜው አልሰጋም። እንቅልፍ ካጣሽ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ሙት ዓመቱን ሳትጠብቂ ባለሙያ አነጋግሪ።

ለአጎትሽ ግን እናትሽ እሺ ሳትል ረቂቁን አታሳዪው። መጀመሪያ እሷ ታንብበው።