ከ6 ዓመት በኋላ ወደ ደሴ

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሲሆን ላለፉት 6 ዓመታት አዲስ አበባ በሥራ ላይ ነኝ። ለ4 ቀናት ሄጄ ማረፍ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ከአብሮ አደጎቼ ጋር ከተደዋወልን ስለቆየን በምን ፊት እንደማገኛቸው ጨንቆኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዘው ስለሚገቡ በመጀመሪያው ምሽት ለማንም ሳይደውሉ በደንብ ይተኙ። ከተማዋ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ብርዷን ያውቁታልና ጋቢ ይያዙ። በማግስቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጉዘው ወደ ሐይቅ ቢወርዱና ጠዋት ንፋስ ሳይነሣ በውኃው ዳር ቢቀመጡ፣ የሚፈልጉትን ዕረፍት እዚያ እንደሚያገኙት እናምናለን።

ስለ አብሮ አደጎችዎ ግን አጥብቀን የምንነግርዎ፣ ረዥም ይቅርታ እንዳያዘጋጁ ነው። ይበልጥ ወደሚቀርብዎት ሰው ቤት ቀጥ ብለው ይሂዱ፤ እጣኑ እየጨሰ፣ ሲኒው ውስጥ የጤና አዳም ቅጠል ጣል ተደርጎ፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ማን እንደወለደ፣ ማን እንዳገባ እየተነሣ ጨዋታው ራሱ ያስታርቃችኋል። እርስዎ በሌሉበት ሐዘን የደረሰበት ጓደኛ ካለ ግን፣ ከሁሉም አስቀድመው እሱ ቤት ሄደው ያጽናኑት።