ቆሮሶው ሞቶ አምባዛው የተረፈው ለምንድን ነው?

ከፎገራ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ 10 በ15 ሜትር የሆነች ኩሬ ቆፍሬ ቆሮሶ ዓሣ አረባለሁ። ውኃው አረንጓዴ እንዲሆን እበት እጨምርበታለሁ። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ፀሐይ ስትጠፋ ዓሣው እንዳይራብብኝ ብዬ እበቱን አበዛሁት። ባለፈው ሳምንት ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል አደረ። ማለዳ ብወጣ ዓሣው በሙሉ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ትልልቆቹ ሞተው ተንሳፍፈዋል። ከቦዩ ሾልከው የገቡት አምባዛዎች ግን ምንም አልሆኑም። ረፋድ ላይ የተረፉት ቆሮሶዎች ተመልሰው ወደ ታች ወረዱ። ጎረቤቴ ከሩዝ ማሳ የመጣ መርዝ ነው ይለኛል። ኩሬውን ላድርቀው ወይ? የሞቱትንስ ብንበላቸው?»

አባቴ፣ ኩሬውን አያድርቁት። ዓሣዎ የሞተው ኦክስጅን አጥሮት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን እንድል ያደረጉኝ አምባዛዎቹ ናቸው። አምባዛ ጭንቅላቱ ውስጥ አየር የሚይዝበት ተጨማሪ አካል አለው። ውኃው ሲከፋበት ላይ ወጥቶ አየር ጎርሶ ይመለሳል። ቆሮሶ ይህ የለውም። ውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ካላገኘ ያበቃለታል። ትልልቆቹ ቀድመው መሞታቸው፣ ነገሩ ማለዳ ላይ መሆኑ፣ ፀሐይ ሲወጣ የቀሩት ማገገማቸው፣ ሁሉም ወደዚያው ያመለክታል። መርዝ ቢሆን ኖሮ ረፋድ ላይ ዝም ብሎ አይለቃቸውም ነበር። የውኃ ላይ ነፍሳትም አብረው ያልቁ ነበር።

ውኃ አየር ይይዛል ስንል ብዙ አይምሰልዎ። እናንተ ዘንድ አንድ ሊትር አየር ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን አለ። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ግን ከአየር የሚቀበለው 7 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። አገሩ ከፍታ ስለሆነ አየሩም ሳሳ ያለ ነው፣ ውኃው የሚያገኘው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ያለውንም ይለቃል። ቤት ውስጥ ውኃ ሲጣድ ልብ ብለው አይተው ያውቃሉ? ገና ሳይፈላ ድስቱ ጎን ላይ ጥቃቅን አረፋ ይለጠፋል። ውኃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረው አየር ነው የሚወጣው።

ታዲያ ኩሬዎ ኦክስጅን ከየት ያገኛል? አብዛኛውን የሚሠራለት ያ አረንጓዴው፣ አልጌ የምንለው ነው። ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል። ሌሊት ግን ማምረቱን አቁሞ እሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ስለዚህ ኦክስጅኑ ሌሊቱን ሲቀንስ ያድርና ሊነጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ገደማ፣ በጣም ያንሳል። ደመና ሲከርም ቀን የሚጠራቀመው ራሱ ትንሽ ነው። እርስዎ በዚያ ላይ እበት ጨመሩ። እበቱን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳት የቀረውን ኦክስጅን ተሻሙ።

የማታው ዝናብ ደግሞ ጨረሰው። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቀው ይከብዳል። ዝናቡ ወደ ታች ሲሰምጥ ጭቃው ላይ ተኝቶ የነበረውን፣ ኦክስጅን የሌለውን ውኃ ገልብጦ ወደ ላይ አወጣው። ዓሣው መሸሻ አጣ።

አሁን እበትና መኖ ያቁሙ። ዓሣው ዳግም ማለዳ ላይ ሲያዛጋ ካዩ ንጹሕ ውኃ ከላይ እየወደቀ እንዲገባ ያድርጉ። ሲወድቅ በተረጨ ቁጥር አየር ይዞ ይገባል። የውኃ ሞተር ካለዎት የራሱን የኩሬውን ውኃ ከላይ በኩል ስበው ወደ ላይ ይርጩት። ታች ያለውን ጭቃ ግን እንዳይነኩት! ሰው ገብቶ እንዲያተራምሰው አይፍቀዱ። አረንጓዴውን መግደያ ብለው መድኃኒት ቢያመጡልዎም አይቀበሉ። አልጌው አንዴ ከሞተ ሲበሰብስ የባሰ ኦክስጅን ይጨርሳል።

እበት መቼ ይጨመር ለሚለው ክንድዎ ይበቃዎታል። መዳፍዎን ዘርግተው ክንድዎን ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ያስገቡ። ውኃው ክርንዎ ላይ ሲደርስ መዳፍዎ ሊጠፋ ሲል ልኩ ነው። ክርንዎ ሳይነካ ቀድሞ ከጠፋ እበት በዝቷል፣ ምንም አይጨምሩ። ጥርት ብሎ ከታየ ጥቂት ይበቃል፣ ያውም ፀሐይ ባለበት ሰሞን። ውኃው በጎርፍ ደፍርሶ ቡናማ ከሆነ ግን ይህ መለኪያ አይሠራም፤ እስኪጠራ ይጠብቁ። እበቱን ኩሬው ውስጥ በትነው አይጣሉት። አንድ ጥግ ላይ በቀርከሃ አጥረው እዚያ ያስቀምጡት። የበዛ ሲመስልዎ በቀላሉ ያወጡታል።

የሞቱትን አይብሉ፣ ይቅበሩዋቸው። በየትኛው ሰዓት እንደሞቱ አይታወቅም። ጎረቤትዎም የተናገሩት ከንቱ ስጋት አይደለም። ሩዝ ማሳ ላይ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ የሚወርደው ውኃ ኩሬው እንዳይገባ ቦዩን ያዙሩት። ውኃ የሚገባበት አፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይግጠሙ። አምባዛ የቆሮሶ ጫጩት ይበላል፣ ሳይፈልጉት መግባት የለበትም። አሁን ያሉትን ግን በሕይወት ሳሉ አጥምደው ለቤት ያድርጓቸው።