«ሞሮው» ነገ ነው ወይስ ጠዋት?

ጥያቄ፦ በድሮ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ «ሞሮው» የሚል ቃል ያጋጥመኛል። አንዳንዱ ቦታ «ነገ» ብዬ ስተረጉመው ይሄዳል፤ «ጉድ ሞሮው» ላይ ስደርስ ግን ይበላሽብኛል። መነሻው ምንድን ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ፍቺዎች የቃሉ ናቸው፤ ቀዳሚው ግን «ጠዋት» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ጠዋት «ሞርገን» ይባል ነበር። ከጊዜ በኋላ የመሃሉ «ገ» ላልቶ «ወ» ሆነና «ሞርወን» ተባለ። የመጨረሻው «ን» ሲወድቅ «ሞሮው» ወጣ። «ን»ን ይዞ የቀረው መልክ ደግሞ የምሽቱን «ኢቭኒንግ» አርአያ አድርጎ «ኢንግ» ቀጠለበትና የዛሬው «ሞርኒንግ» ሆነ። ስለዚህ «ጉድ ሞሮው» ማለት «እንደምን አደሩ» ነው፤ ከነገ ጋር አይገናኝም።

ጠዋት ነገ ወደ መሆን የተሻገረው በቀላል መንገድ ነው፤ ማታ ላይ «ሲነጋ እንገናኝ» ያለ ሰው የሚቀጥለውን ቀን ማለቱ ነው። የእኛም «ነገ» ከ«ነጋ» እና ከ«ንጋት» ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በግእዝ «ነግህ» ጠዋት ነው፣ «ጸሎተ ነግህ» እንደሚባለው። ጀርመንኛ እስከ ዛሬ ጠዋትንም ነገንም «ሞርገን» ይላል። «ቱሞሮው»ም «ቱ» እና «ሞሮው» ተጣምረው የወለዱት ነው። መጀመሪያ ተነጣጥለው ይጻፉ ነበር፤ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን መባቻ ድረስም በመሃላቸው ሰረዝ ይገባ ስለነበር በቆዩ እትሞች ላይ ሰረዙን ሲያዩ የማተሚያ ስሕተት እንዳይመስልዎ።

ተርጓሚን የሚያሳስተው በተለይ «ኦን ዘ ሞሮው» ነው። ትረካው ስላለፈ ነገር ከሆነ «በማግስቱ» ወይም «በነጋታው» ይበሉ። ሰዎቹ ማክሰኞ ደርሰው «ኦን ዘ ሞሮው» ከተመለሱ የተመለሱት ረቡዕ ነው፤ «ነገ ተመለሱ» ብሎ አማርኛ የለም። ከቃሉ በኋላ «ኦፍ» ሲመጣ ደግሞ «ማግስት» ልክ ይገጥማል፦ «በጦርነቱ ማግስት»። «ነገ» የሚስማማው ስለ መጪው ጊዜ ሲነገር ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ 6፥34 «ዘ ሞሮው» ያለውን የእኛው «ለነገ አትጨነቁ» ብሎታል።

«ኦቨርሞሮው» የሚል ካጋጠመዎ ትርጉሙ «ከነገ ወዲያ» ነው። በ1535 በታተመው የከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል። እንግሊዝኛ ቃሉን ጥሎታል፤ ጀርመኖች ግን «ዩበርሞርገን» እያሉ ዛሬም ይጠቀሙበታል።